የአራፕ ቸሲሬ ቀኝ ዳሌ

ኪቱሮ፣ ካባርኔት አጠገብ
ሜይ 11 ቀን 2008

ለታላቅ ወንድሜ የልጅ ልጅ፣ ለጄፕቱም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ያለሽበት አገር አሸዋ ብቻ ነው ይላሉ። አሸዋውን አንቺ ርገጪው እንጂ እሱ አንቺን አይርገጥሽ። ከቤትሽ ወተት አይጥፋ፤ የሚጠጣውም አይጥፋ። እዚህ ዝናቡ በጊዜው መጥቷል። ፍየሎቹ ደህና ናቸው። ንቦቹ ደህና ናቸው። እኔም ደህና ነኝ፤ ደህና አይደለም ያለሽ ሰው ካለ ስሙ ካንዲ ነው።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ሟች ሚስቴ ጄቢ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ፊደል እንድቆጥር ያስገደደችኝ ጥርሴ ከረገፈ በኋላ ስለሆነ መስመሬ ቢንጋደድ ሳቂ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው። ስልክ የለህም ወይ ትይኝ ይሆናል። አለኝ፤ ካንዲ ገዝቶልኛል። ነገር ግን ባነሳሁት ቁጥር ውስጡ ያለው ካንዲ ነው። ስለዚህ ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ካንዲ ለፋሲካ ከናኩሩ ከተማ መጣ። ክንድ ያለው ትልቅ ወንበር በመኪና ጭኖ አመጣልኝ። እኔ የምቀመጠው በበርጩማዬ ነው አልኩት። ከዚያ ግቢውን ሳቋርጥ ከኋላዬ ሆኖ ሲያየኝ ቆየና፣ «አባባ፣ እንደ ዳክዬ እኮ ነው የምትሄደው» አለኝ። እውነት ነው፣ ከዓመት ወዲህ ዳሌዬ ያስቸግረኛል። ታዲያ ዳክዬ የሚሄድበት ሳይደርስ ቀርቶ ያውቃል?

ማታ ላይ ዕቅዱን ነገረኝ። ዲሴምበር ላይ የጭነት መኪና ይዞ ይመጣል፤ ፍየሎቹን ይሸጣል፤ እኔን ናኩሩ ወስዶ ከቤቱ ጀርባ ያለች ክፍል ውስጥ ያስገባኛል። ቴሌቪዥን አላት አለኝ። አልሄድም አልኩ። ሲደክመው እንዲህ አለ፦ እስከዚያ ድረስ ወደ ቆላው ወርጄ፣ ቀፎዎቼን አይቼ፣ በገዛ እግሬ ዳገቱን ከወጣሁ እዚሁ እቀራለሁ። ካልቻልኩ ግን ዕቃዬ ይጫናል። ያን ዳገት እናቱ ከሞተች ወዲህ ካንዲ በዓይኑ ማየት አይፈልግም። እኔ ግን ወንድ ልጅ ሆኜ የተቆጠርኩት እዚያ ላይ ነው።

ገንዘብ አትላኪልኝ። ባለፈው የላክሽው ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ገብቷል። የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። እናትሽ እንደነገረችኝ ዶሃ ውስጥ የሰው ዳሌ እያንቀሳቀስሽ ደመወዝ ይከፍሉሻል። መጀመሪያ አፍሬ ነበር፤ በኋላ ሴቶችን ብቻ ነው የምታሠለጥነው ብላ አረጋጋችኝ። እንግዲያ ንገሪኝ። ዳሌ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? የቱ ነው የሚገፋው፣ የቱስ ነው የሚለግመው? ለጋሚውን ካሳየሽኝ የቀረውን ለኔ ተዪው።

እንትፍ ብዬ መርቄሻለሁ። ወረቀቱ ትንሽ የረጠበው ለዚያ ነው።

ኪቦወን አራፕ ቸሲሬ


ዶሃ፣ ጁን 15 ቀን 2008

የተከበሩ አያቴ፣ ኩጎ፤

ደብዳቤዎ በሰላም ደርሶኛል። ምርቃትዎም ደርሶኛል፤ ወረቀቱን ግንባሬ ላይ አስነክቼ ነው ያነበብኩት። ጤናዎ፣ ፍየሎቹ፣ ንቦቹ፣ ጎረቤትዎ ኮቢሎ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ሙቀቱ ከቆላውም ይብሳል፤ ግን የምንሠራው በር ተዘግቶ፣ ቀዝቃዛ አየር እየተነፋልን ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ፣ በኋላ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት። ከደብዳቤዎ በፊት አጎቴ ካንዲ ደውሎልኝ ነበር። ያንቺን ቃል ይሰማል፣ ናኩሩ እንዲመጣ ምከሪው አለኝ። እንቢ አልኩት። ይሂዱም አልልዎትም፣ ይቅሩም አልልዎትም። የጠየቁኝን ብቻ እመልሳለሁ።

የጭንዎ አጥንት ራሱ ክብ ነው። ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ እንደሚዞር፣ እሱም ዳሌ አጥንት ላይ ባለ ጎድጓዳ ውስጥ ይዞራል። አጥንቱ ግን በራሱ የትም አይሄድም፤ የሚጎትቱት ጡንቻዎች ናቸው። ኦገስት ላይ የአሠልጣኝነት ፈተና ስላለብኝ ሁሉንም በላቲን ስማቸው እየሸመደድኩ ነው፤ እርስዎን በዚያ አላደክምም።

ከፊት በኩል ከወገብ አጥንት የሚነሳ አለ። ከሆድ ዕቃ ጀርባ አልፎ፣ በብሽሽት በኩል ወርዶ ጭን ላይ ያርፋል። እግርዎን ከመሬት የሚያነሳው እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ከተቀመጡ እያጠረ ይሄዳል፤ ካጠረ ደግሞ ቀና ብሎ መቆም ይከለክላል። ከኋላ ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ አለ፤ ከበርጩማ ሲነሱና ዳገት ሲወጡ የሚገፋዎት እሱ ነው፤ የጭን ጀርባ ጡንቻዎች ያግዙታል። ከውስጥ በኩል ጭንና ጭንን የሚያቀራርቡ አሉ። ከመቀመጫው ሥር ደግሞ ተደብቀው ጭንን ወደ ውጭ የሚያዞሩ ትንንሾች አሉ። የቀረው ከጎን ያለው ነው። ቀበቶ ከሚታሰርበት ትንሽ ዝቅ ብለው ጎንዎን በመዳፍዎ ቢጫኑ ያገኙታል። ስለ እሱ ብዙ ሰው አያውቅም፤ እኔ ግን የምጠረጥረው እሱን ነው።

ለጊዜው ይህን ያድርጉ። ከበርጩማዎ ሲነሱ እጅዎን አይደገፉ። በጀርባዎ ተኝተው አንዱን ጉልበት ወደ ደረትዎ ይሳቡ፣ ሌላው እግር መሬት ላይ ተዘርግቶ ይቆይ። በጎንዎ ተኝተው የላይኛውን እግር ቀስ ብለው ያንሱ፣ ቀስ ብለው ያውርዱ። ሲያምዎ ይተዉት።

እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ኩጎ። ወድቀው ያውቃሉ?

የልጅ ልጅዎ ጄፕቱም


ኪቱሮ፣ ኦገስት 3 ቀን 2008

ለጄፕቱም፤

ፈተናሽን እንደ ውኃ ተሻገሪው፤ የሚጠይቁሽ ሰዎች የሚጠይቁትን ይጡ። እዚህ ሁሉም ደህና ነው። የካንዲን መልእክት ስለነገርሽኝ አክብሬሻለሁ። እሱን ግን አላከበርኩትም። ሽማግሌ ለማማለል ሴት ልጅ ትላካለች?

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የጻፍሽው ብዙ ነው። ነገር ግን ያልሽውን ሁሉ ዝም ብዬ አልቀበልም፤ አጣራሁ። የኮቢሎ የልጅ ልጅ ስታገባ ፍየል ታረደ። ዳሌ የሽማግሌ ድርሻ ስለሆነ ከማንም በፊት የማየት መብት አለኝ። አራጁን አቁም አልኩትና አንቺ የጻፍሽውን በጣቴ እየተከተልኩ ፈለግኩ። የፊቱን አገኘሁት፣ ልክ ነሽ። ውስጠኞቹንም አገኘኋቸው። ከጎን ያልሽው ግን እንኳን ሊጠረጠር፣ ከላይ ወደ ጀርባ ጠጋ ብሎ ተኝቷል፤ ከታፋው ጋር ሲተያይ ለሕፃን የሚሰጥ ቁራጭ ነው። ትልቁ መቀመጫ ያልሽውም የለም። ሥጋው ሁሉ ያለው ከጭን ጀርባ ነው። ፍየል ገደል የምትወጣው በዚያ ነው። አንቺ ረዳት ያልሽው ዋናው ነው ማለት ነው። መጽሐፍሽን የጻፈው ሰው ፍየል አርዶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ስለዚህ በጎን መተኛቱን ትቼዋለሁ። ቀን በጎኑ የሚተኛ በሽተኛ ነው፤ ሰው ቢያየኝ ምን ይላል? በዚያ ፋንታ በየጠዋቱ የጎተራውን ቋሚ ይዤ እግሬን ወደ ኋላ እወረውራለሁ፤ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። ኮቢሎ ከአጥሩ ማዶ ሆና ታየኛለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሥራዋ እኔን ማየት ነው። «አራፕ ቸሲሬ፣ ስትታለብ የምትራገጥ ፍየል መሰልክ እኮ፤ ማን ሊያልብህ ነው?» አለችኝ። ቆሎሽን ቃሚ ብዬ መለስኩላት። ሳቋ እስከ መንገዱ ድረስ ተሰማ።

የጭኔ ጀርባ ጠንክሯል። ሲነኩት እንጨት ነው። አካሄዴ ለጊዜው ያው ነው፤ ኮቢሎ እንደውም ብሶብሃል ትላለች፤ እሷ ግን ከርቀት ማየት ድሮም አትችልም። ዲሴምበር ሳይደርስ ከቆላው ማር ቆርጬ ካንዲን በማሩ አፉን እዘጋዋለሁ።

ያ ወንበር ላይ ዶሮ ፈልፍላበታለች። ለካንዲ እንዳትነግሪው፤ ወይም ንገሪው።

ኪቦወን አራፕ ቸሲሬ


ዶሃ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2008

የተከበሩ ኩጎ፤

ጤናዎንና የግቢዎን ሰላም እመኛለሁ። ምርቃትዎ ሠርቷል፤ ፈተናውን አልፌአለሁ። ወረቀቱ መጥቷል፤ ከእንግዲህ አሠልጣኝ ነኝ። እንግዲህ የማወራዎት እንደ ልጅዎ ሳይሆን እንደ አሠልጣኝ ነው፤ ስለዚህ ቢቆጡም እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ።

ፍየሏ አሳስታዎታለች። ፍየል አራት እግር አላት፤ ዳሌዋም የተኛ ነው። አንዱን እግር ስታነሳ ሦስቱ ይሸከሟታል፤ ስለዚህ ጎኗ እንዳይወድቅ የሚይዝ ብርቱ ጠባቂ አያስፈልጋትም። የእርስዎ ዳሌ ግን የቆመ ነው። ኩጎ፣ ሰው የሚራመደው በሁለት እግሩ ይመስለዋል። አይደለም። ቀኝዎን ሲያነሱ በግራዎ ብቻ ነው የቆሙት፤ ግራዎን ሲያነሱ በቀኝዎ ብቻ። አንድ እግር አየር ላይ ሲሆን የሰውነትዎ ሸክም ወደዚያ ባዶ ወገን ሊያጋድል ይፈልጋል። እንዳያጋድል ከቆመው እግር በላይ ሆኖ ዳሌዎን ጎትቶ የሚይዘው ያ ለሕፃን የሚሰጥ ያሉት ነው። ሰው ላይ ቁራጭ አይደለም። እሱ ሲደክም ነው ሰው እንደ ዳክዬ የሚሄደው።

ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻም ፍየሏ ላይ ያጡት ፍየል ቀጥ ብላ ስለማትቆም ነው። ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ዳገት ስለሚወጣ ነው መቀመጫው የወፈረው። እርስዎ በዚህ ሁለት ወር የጭንዎን ጀርባ እያጠነከሩ የጎኑን አስረስተውታል። እግር ወደ ኋላ መወርወሩን ይተዉ፤ ወገብዎን ይጎዳል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ኤልዶሬት እሮጥ በነበረበት ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ ጭኔን ነው ያሳደግኩት። አሠልጣኜ ሌላ ነገር አላስተማረኝም። የጎኔ ጡንቻ ለግሞ ጉልበቴን ወደ ውስጥ ሲጥለው፣ ዳሌዬ ውስጥ ያለው ለስላሳ አጥንት ተቀደደ። ከዚያ በኋላ ሩጫ አልነበረም። እርስዎ የሚያጡት ግን ሜዳሊያ አይደለም፤ አጥንትዎ ነው።

ቀጥ ብለው ይቁሙ። ጣትዎን ብቻ ግድግዳ ላይ ያሳርፉ። አንዱን እግር ከመሬት ትንሽ ያንሱ። ሁለቱ የዳሌ አጥንቶችዎ እኩል ይሁኑ። አንዱ ወደታች ከሄደ ይመልሱት። ፊት ለፊትዎ መስታወት ያድርጉ፤ ከሌለ የሚያይልዎ ሰው ይጥሩ።

ባለፈው የጠየቅኩትን አልመለሱልኝም።

ጄፕቱም


ዶሃ፣ ኦክቶበር 26 ቀን 2008

የተከበሩ ኩጎ፤

ሰላም ነው? ደብዳቤዬ ጠፍቶ ነው ወይስ አስቀይሜዎት? ፍየሏን ስለተቃወምኩ ይሆናል። ካስቀየምኩዎት ስድብም ቢሆን ይጻፉልኝ። ሁለት መስመር ይበቃኛል። እናቴን ጠይቄያት ነበር፤ መንገዱ ላይ ሰሞኑን አላየነውም አለችኝ።

ጄፕቱም


ኪቱሮ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 2008

ለጄፕቱም፤

እንኳን ለአሠልጣኝነቱ አበቃሽ። ከአንቺ በፊት በቤተሰባችን ወረቀት የተቀበለ ካንዲ ብቻ ነው፣ እሱም የመኪና። እግርሽ የረገጠው ይለምልም፤ አሸዋም ቢሆን።

አልተቀየምኩም። እኔ ስቀየም ሰው ያውቃል። የዘገየሁት በሆዴ ተኝቼ ስለነበር ነው፤ በሆድ ተኝቶ መጻፍ ደግሞ ለኔ ዓይነቱ አይሆንም።

ወደቅኩ አልልሽም። ተቀመጥኩ፤ የተቀመጥኩበትን ቦታ ብቻ እኔ አልመረጥኩትም። ምንጩ ጋ ነው፤ ግራ እግሬን ድንጋይ ላይ ላሳርፍ ሳነሳ ቀኙ ከዳኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ቀን ነው። ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ አላምንሽም ነበር። ተኝቼ ሳነብብሽ ግን የምከራከርበት ጉልበት አልነበረኝም።

ያገኘችኝ ኮቢሎ ናት። ጠዋት እንደ ልማዷ ልትሰድበኝ አጥሩ ጋ ስትመጣ አጣችኝ። አህያዋን ይዛ ወረደች። አህያ ላይ ጭና በሰፈሩ መሀል ስታሳልፈኝ፣ ያየ ሁሉ ምን ሆኖ ነው ሲላት፣ «አህያዬን ሊገዛ እየሞከራት ነው» አለች። ያን ቀን ከአፏ የወጣ የመጀመሪያ ደግ ነገር ነው። የጤና ረዳቱ ነካክቶ አየኝ፣ አጥንት አልተሰበረም አለ። ለካንዲ እንዳትነግሪ ብዬ ኮቢሎን አስምያታለሁ። አንቺንም አስምዬሻለሁ፤ ይህን መስመር ስታነቢ ማልሽ ማለት ነው።

መነሳት ስችል በአንድ እግር መቆም ጀመርኩ። ሳቂ። በልጅነቴ እኮ ፍየል ስጠብቅ የዋልኩት በአንድ እግር ቆሜ ነው፤ የሌላውን እግር መዳፍ ጉልበቴ ላይ አሳርፌ እንደ ሽመላ። የዚህ አገር ወንድ ሁሉ የሚያርፈው እንዲያ ነበር። ነገር ግን ያኔ ጦሬን ተደግፌ ነው። አሁን ጣቴን ብቻ አሳርፌ ስቆም መሬቱ ራሱ የሚሸሽ ይመስለኛል። መጀመሪያ ቀን ኮቢሎ ሳቋን ጨርሳ ሳትስቅ ወደቅኩ፤ ማለቴ፣ እግሬን አወረድኩ።

መስታወት የለኝም፤ ኮቢሎ አለች። በርጩማዬን አጥሩ ጋ አድርጌላት ጧት ጧት ተቀምጣ ትፈርዳለች። በቀኜ ስቆም፣ «ግራው ወረደ» ትላለች። ግራዬን ወደላይ እስባለሁ። «አሁንም ወረደ» ትላለች። እንግዲህ የታመመው ቀኜ ነው ብዬ ኖሬ አሁን ደግሞ ግራው ነው ማለት ነው ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ነበር። ሦስት ቀን ግራዬን ስቀጣ ሰነበትኩ። ከዚያ ደብዳቤሽን አምጥቼ ለኮቢሎ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። እሷ ፊደል አታውቅም፤ ግን ገባት። «ታዲያ እኮ የቆመው ነው የሚይዘው ብላሃለች። የወረደው ምን አጠፋ? ጌታው ሲለቀው ነው የወረደው» አለችኝ። ለካ በቀኜ ስቆም ግራው የሚወርደው ቀኙ ለግሞ ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት ሽማግሌና አንዲት ዶሃ ያለች ልጅ ፈጀ።

አሁን ጎኔን ስጫነው የሚያቃጥል ነገር አለ። ጥሩ ነው ወይስ ክፉ? በጎን መተኛቱንም ጀምሬአለሁ፤ በር ዘግቼ። ወንበሩን ለኮቢሎ ዶሮዎች ለቀቅኩ። ካንዲ ደብዳቤ ልኳል፤ ዲሴምበር ሃያ ሁለት ይመጣል። የጭነት መኪናውን ተከራይቷል። ጄፕቱም፣ ከዚህ ቤት በሕይወት አልወጣም። ይህን የምልሽ ለማስፈራራት አይደለም። እንድታውቂው ብቻ ነው።

ኪቦወን አራፕ ቸሲሬ


ዶሃ፣ ዲሴምበር 4 ቀን 2008

የተከበሩ ኩጎ፤

ደብዳቤዎን ሳነብ ሁለቴ ተነስቼ ክፍሌን ዞሬአለሁ። እግዚአብሔር አጥንትዎን ስለጠበቀ ይመስገን፤ ለኮቢሎም ይስጥልኝ። ይህን በፍጥነት እንዲደርስዎ ወደ አገር ለምትገባ ጓደኛዬ ሰጥቻታለሁ።

ቃጠሎው ጥሩ ነው። ጡንቻ ሲሠራ እንዲያ ያደርጋል። ወደ ብሽሽት ገብቶ የሚወጋ ነገር ካለ ግን ያቁሙ። ኮቢሎ ያለችው ትክክል ነው፤ እኔ በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ላይ ልጽፍልዎ ይገባ ነበር።

አጎቴ ካንዲ ትናንት ደወለልኝ። ቀጥ አድርጎ ጠየቀኝ፤ አባቴ ወድቋል ወይ አለኝ። አስምለውኛል። ግን አልዋሽም፣ ኩጎ። ሄደህ ራሱን ጠይቀው አልኩት። እሺ ብሎ ስልኩን ዘጋ። ልቡ የተሰበረ ሰው ድምፅ ነበረው። ሐዘኑ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ዳገቱን ልንገርዎ። ምርኩዙን በግራ እጅዎ ይያዙ፤ የደከመው ቀኙ ስለሆነ ምርኩዙ ከማዶ ሆኖ ያግዘዋል። ሰው ሁሉ በታመመው ወገን ይይዛል፤ ስህተት ነው። ሲወርዱ እርምጃዎ አጭር ይሁን። ሲወጡ ከመቀመጫዎ ይግፉ እንጂ ወገብዎን አያጥፉ። ቀፎ ላይ ለመድረስ ዛፍ መውጣት ግን የለም። በዚህ አልደራደርም።

ደግሞስ አንድ ነገር አልገባኝም። ካንዲ ወርደህ ተመለስ ነው ያለው። በአንድ ቀን ያለ ማን ነው?

ጄፕቱም


ኪቱሮ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 2009

ለታላቅ ወንድሜ የልጅ ልጅ፣ ለጄፕቱም አሠልጣኟ፤

አዲሱ ዓመት እንደ ቆላ ማር ይሁንልሽ፣ ጥቁርና ወፍራም። እኔ ደህና ነኝ። የምጽፈው ከቤቴ ነው። ይህን አስቀድሜ የነገርኩሽ እስከ መጨረሻው ተጨንቀሽ እንዳታነቢ ብዬ ነው።

የመጨረሻ መስመርሽን ሳነብ እውነቴን ነው ተነስቼ ቆምኩ። ልክ ነሽ። በአንድ ቀን ያለ የለም። ካንዲ ሃያ ሁለት ይመጣል፤ እኔ አሥራ ስምንት ላይ ወረድኩ። ገንፎ ዱቄት፣ ብርድ ልብስ፣ የወተት ቅል ያዝኩ። ምርኩዜን በግራዬ። ኮቢሎ እስከ ምንጩ ሸኘችኝ። ከኋላዬ ሆና፣ «እኩል ነው፣ እኩል ነው፣ አሁን ወረደ፣ እኩል ነው» እያለች። ከምንጩ በታች የሚነግረኝ ስላልነበረ ዳሌዬን ራሴ ነው ያዳመጥኩት። ደከመኝ፤ አልዋሽሽም። ባሰኘኝ ቦታ ሁሉ እቀመጥ ነበር። ድሮ ከማለዳ ለቁርስ እደርስ የነበረበትን ቦታ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደረስኩ። ግራሮቹ ሥር ያለችው የንብ ጠባቂ ጎጆ ግማሽ ሣሯ የለም። በቀረው ግማሽ ሥር ገባሁ።

ካንዲ በቀኑ መጣ። ቤቱ ተቆልፏል። የጭነት መኪናው ሞተሩን እያንጓጓ ግቢ ቆሟል። ኮቢሎን የት ሄደ ቢላት ቆላ ወርዷል አለችው። መቼ ይመለሳል ቢላት ሲያሰኘው አለችው። ይህን በኋላ ራሷ ስትነግረኝ እንደ ሠርግ ደስ ብሏት ነበር። ካንዲ ምርጫ አልነበረውም። ያን በዓይኑ ማየት የማይፈልገውን ዳገት በከተማ ጫማው ወረደው።

ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀድዷል፤ ሁለት ጊዜ እንደተንሸራተተ ገባኝ፤ አልጠየቅኩትም። እኔ ግራር ሥር ቆሜ ቀፎ ሳይ ነበር። ልሳደብ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን አልተሳደበም። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«ወድቀሃል አይደል» አለኝ።

አዎ አልኩት። ምንጩ ጋ፣ በሴፕቴምበር። ለአንቺ እንኳ ያላልኩትን ነው።

እግሩን እያየ ነበር የሚናገረው። «እናቴን ከዚህ ያወጣችኋት በበር ሳንቃ ላይ ነው» አለ። «አንተ ከፊት ነበርክ፣ ጎረቤቶች ከኋላ። እኔ ናኩሩ ነበርኩ። በስልክ ነው የሰማሁት። አሁንም ስልክ በጮኸ ቁጥር ያ ሳንቃ ነው የሚታየኝ። ደግሞ አንተ አታነሳም።»

ጄፕቱም፣ ይህን ብሎኝ አያውቅም። እኔም ጠይቄው አላውቅም። ጄቢ የሞተችው ማር ልትቆርጥ ወርዳ ድንገት ደም ፈስሷት ነው፤ ስናወጣት ነፍሷ ነበረች፣ ላይ ስንደርስ አልነበረችም። ሳንቃውን ከፊት ሆኜ የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ዳሌዬ አልለገመም። እሱ ግን የተሸከመው ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ነው። ልጄ ቤቴን ሊነጥቀኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። ፈርቶ ነው።

ይሁን እንጂ በሰው ፍርሃት ናኩሩ አልሄድም። የራሴንም ፍርሃት ይዤ ነው እዚህ የምኖረው። ይህንኑ ነገርኩት። ስናወራ ቆየን፤ መሬት ቆሜ ከምደርስበት ቀፎ የቆረጥኩትን ማር አቀረብኩለት፤ በላ። መጨረሻ ላይ ቀና ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«ብትወድቅስ? ሰው በሌለበት ብትወድቅስ፣ አባባ?»

«እንግዲያ ቆሜ ነበር ማለት ነው» አልኩት።

ምሽቱን ጎጆዋ ውስጥ ጎን ለጎን ተኛን፤ ሣሩ በሌለበት በኩል የተኛው እሱ ነው። በማግስቱ ዳገቱን ወጣን። ከፊት እኔ ነበርኩ። ያልሽውን አደረግኩ፤ ከመቀመጫዬ እየገፋሁ፣ ወገቤን ሳላጥፍ። ቀኜ ሲቃጠል ቆም እላለሁ፣ ሲለቀኝ እቀጥላለሁ። ክንዴን ሊይዘኝ ሁለት ጊዜ እጁን ዘረጋ፤ ሁለቱንም ጊዜ ምርኩዜን አሳየሁት። ሦስተኛ አልሞከረም። ምንጩ ጋ ስንደርስ የት ነው የወደቅከው አለኝ፤ ድንጋዩን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አነቃነቀውና ነቅሎ ገደል ጣለው። ድንጋዩ ምንም አላጠፋም ነበር፤ ግን አልከለከልኩትም። አንድ ነገር ማድረግ ነበረበት።

አጥሩ ጋ ኮቢሎ ቆማ ነበር። ካንዲ አንድ ነገር ለመናት፦ ጠዋት ከቤቴ ጭስ ሲወጣ ካላየች ሰው እንድትጠራ፣ ለእሱም እንድታስደውልለት። ተስማማሁ። እሳቱ ለገንፎዬም ያስፈልገኛል። ዛፍ ላይ እንደማልወጣም ማልኩለት፤ አንቺ ቀድመሽ ከልክለሽኝ ስለነበር አዲስ ነገር አልሰጠሁትም።

ሾፌሩ ሁለት ቀን ሲጠብቅ ውሎ ነበር። ምን ልጫን አለ። ካንዲ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ቤቱ አየ፣ ከዚያ «የሚጫን የለም» አለው። መኪናው ባዶውን ተነስቶ ሲሄድ ካንዲ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ለፋሲካ እመጣለሁ አለኝ። መምጣት አለመምጣቱ የእሱ ጉዳይ ነው። የሚያገኘኝ ግን እዚሁ ነው።

ኪቦወን አራፕ ቸሲሬ